መስኮቱ ንጹህ ነው

ወይዘሮ ማደርን መሳቢያው ጋ ሲደርሱ ሹራቡ ከእጃቸው አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ቁረጥ» አሉ አለቃ፣ ዳይሬክተሩ።

ቀስ ብለው ነው ያሉት። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን የአዳራሹ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ይጮህ ነበር። አምብሮዝ ኬትሊ ግን ካሜራው ሥር ካለችው አጭር ሣጥን ሳይነሱ፣ ያንን ከጦርነቱ ጀምሮ ያላወለቁትን የባሕር ኃይል ካፖርት ሰብሰብ አድርገው፣ «ምንም አይደል ቲርዛ። ጥፋቱ የመሳቢያው ነው» አሉ።

«መሳቢያው ደግሞ ምን አደረገ!» አሉ አሮጊቷ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «እሱ እኮ የተሠራው ማክሰኞ ነው። ያረጀሁት እኔ ነኝ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ ግን ሳቁ ብዙም አልሄደም። ከንፈራቸው መጥቆሩን ያላየ ሰው አልነበረም።

ዊልፍ ታራንት አልሳቀም። እጁን ከሌንሱ ቀለበት ላይ አንስቶ በሱሪው ጠረገና ወለሉ ላይ በጠመኔ ያሰመራቸውን ምልክቶች አንድ በአንድ ማየት ጀመረ። ሥራው ይሄ ነው። ካሜራው በሐዲዱ ላይ ይንሸራተታል፣ ተዋናይዋ ትራመዳለች፣ በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት በየቅጽበቱ ይለዋወጣል። በሌንሱ የሚያየው ካሜራ አንሺው ፐርስ ገጅን ነው፣ ዊልፍ አያይም። ከጎን ቆሞ ርቀቱን በዓይኑ እየለካ ቀለበቷን በጣቱ ያዞራል፣ በቃ። ጣቱ ትንሽ ከሳተች የሴትዮዋ ፊት ጉም ይሆናል። አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሲያዞር ኖሯል፣ የጀመረውም ከአለቃ ጋር ነው።

ለአሮጊቷ የተመደበው ዶክተር ከጥግ ተነስቶ መጣ። ጥቁር ቦርሳውን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ (ወጥ ቤት ስልህ የእንጨትና የሸራ ወጥ ቤት ነው፣ ሦስት ግድግዳ ብቻ ያለው) የወይዘሮ ማደርንን እጅ ያዘና ሰዓቱን አየ። ከዚያ ወደ ፕሪዲ ዞረ። ጃክ ፕሪዲ የዳይሬክተሩ አንደኛ ረዳት ነው፣ በጦርነቱ ጊዜ ሻምበል ባሻ የነበረ፣ ድምፁ እስካሁን የሰልፍ ሜዳ ላይ እንዳለ ነው።

«አንድ ጊዜ» አለ ዶክተሩ። «አንድ ተጨማሪ ጊዜ ብቻ። ሦስተኛ ካሰባችሁ እኔን አትጥሩኝ፣ ቄስ ጥሩ።»

«ሰምተናል ዶክተር» አለ ፕሪዲ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እኔም ሰምቻለሁ» አሉ ወይዘሮ ማደርን። «ልቤ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው።»

በሩ አጠገብ ሚስተር ኮርዴሪ ቆሟል። ፕሮዲውሰሩ ነው፣ ሠላሳ አራት ዓመቱ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያበራ። ፊት ለፊቱ «ጌታዬ» ይሉታል፣ ዞር ሲል «ሳሙናው»። ለምን ቢሉ በነጋታው ጠዋት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለቴሌቪዥን የሳሙና ማስታወቂያ ሊያስቀርጽ ነው። የስቱዲዮው ሁለተኛ አዳራሽ ከገና በፊት የመኪና ጎማ መጋዘን ሆኗል። ሦስተኛው ከተዘጋ ዓመት አለፈው፣ ጣሪያው ያፈሳል። ይሄ የቀረው አንዱ ነው፣ እሱም ከነገ ጀምሮ የሳሙና።

ዊልፍ ሜትሩን ዘርግቶ ከወይዘሮ ማደርን ዓይን እስከ ሌንሱ ሲለካ አለቃን በጎን አያቸው። ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፣ ሰባ ይመስላሉ።

ያኔ በጦርነቱ ጊዜ፣ በአንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ አንድ፣ እንዲህ አልነበሩም። ዊልፍን ከካሜራ መጠገኛ ክፍል መዘው ያወጡት እሳቸው ናቸው። «አንተ ጣትህ አያብድም፣ ና» ብለው ነው የወሰዱት፣ ሌላ ፈተና የለም። ሦስት ወር በምሥራቁ ባሕር ዳርቻ ከነፍስ አድን ጀልባ ሠራተኞች ጋር ኖሩ። ካሜራውን በገመድ ከጀልባው ጋር አስረው ማዕበል ውስጥ ገቡ። ያ ፊልም ሲወጣ ቦምብ እየወረደ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ሰው በዝናብ ተሰልፎ ነበር የሚያየው። የአደጋ ጊዜ ጡሩንባ ሲነፋ እንኳ ከወንበሩ የሚነሳ አልነበረም። መርከበኞች መንገድ ላይ ሲያገኟቸው ሰላምታ ይሰጧቸው ነበር፣ ወታደር ሳይሆኑ!

ከዚያ ሰላም ሆነ። በሰላሙ ጊዜ ትልቅ ፊልም ሰጧቸው፣ ፈረስና ላባ ያለው ባርኔጣ የሞላበት። ወደቀ። አስቂኝ ፊልም ሠሩ፣ የሳቀ የለም። አንድ ጋዜጠኛ «ሚስተር ኬትሊ ከባሕር ሲወጡ መራመድ አቃታቸው» ብሎ ጻፈ፣ ያቺ አባባል መጠጥ ቤት ለመጠጥ ቤት ዞረች። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ስልካቸው አልጮኸም። ሚስታቸውም ሄዱ፣ ዕቃውንም ይዘው። ይሄ የዓሣ አጥማጆቹ ፊልም እንግዲህ ወደ ባሕሩ መመለሻቸው ነው። ሌላ የሚመለሱበት የለም።

ትናንት ምሳ ላይ ደግሞ ለፐርስና ለዊልፍ እንዲህ አሏቸው፣ ሾርባቸውን ሳይነኩ።

«ነገ የቲርዛን ቀረጻ ካላገኘሁ ፊልሙን ይወስዱብኛል።»

«ማን ነው የሚወስደው አለቃ? ሳሙናው?» አለ ፐርስ።

«ተፈራርመናል። በነገው ቀን ጨርሼ አዳራሹን ካላስረከብኩ ሌላ ሰው ይጨርሰዋል። ኮርዴሪ መጨረሻውን አስቦበታል። እናትየዋን አያሳይም። ባሕሩን ያሳይና በላዩ ላይ አንድ ሰው በወፍራም ድምፅ ‘እናትየዋም ሐዘኗን ችላ ኖረች’ ይላል።»

ፐርስ ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሐዘኗን ችላ ኖረች?»

«ቃል በቃል» አሉ አለቃ። «ጽፎታል። አነበበልኝ።»

ዛሬ እንግዲህ የቀረችው ያቺ አንዲት ቀረጻ ናት።

«ፊልም ምን ያህል ቀረን?» አለ ፕሪዲ።

«ስድስት ደቂቃ» አለ ዊልፍ። «አዲስ ብንጭን ይሻላል፣ ቀረጻው ብቻውን አምስት ይወስዳል። ስንጭን የካሜራውን መስኮትም አጸዳታለሁ።»

ፕሪዲ ወደ ዶክተሩ አየ፣ ዶክተሩ ወደ ሰዓቱ። «ይበቃል። እንሂድ።»

ጸጥታ ሆነ። ደወሉ ጮኸ። አንዲት ረዳት ልጅ የቀረጻው ቁጥር የተጻፈበትን ጣውላ ካሜራው ፊት ይዛ «መቶ አርባ፣ ሁለተኛ ቀረጻ» አለችና ጧ አደረገችው።

ወይዘሮ ማደርን በበሩ ገቡ።

በታሪኩ ውስጥ ልጃቸው ከሰጠመ ዘጠኝ ቀን ሆኖታል። ጀልባው አልተገኘም፣ ልብሱ ግን ቤት ነው። እሳቸው ሹራቡን ከማድረቂያው ገመድ ላይ ያወርዱና ወጥ ቤቱን አቋርጠው መሳቢያው ውስጥ ያስቀምጡታል። ይሄው ነው። ቃል የለም። አምስት ደቂቃ፣ አንድም ቦታ ሳይቆረጥ፣ ካሜራው አብሯቸው እየሄደ።

ሹራቡን ከገመዱ ሲያወርዱ እርጥብ እንደሆነ በጉንጫቸው ሞከሩት። ይሄ በጽሑፉ ላይ የለም። ከዚያ መራመድ ጀመሩ፣ የዊልፍም ጣት ጀመረ። ስምንት ጫማ ርቀት። ሰባት ተኩል። ሰባት። ጠረጴዛው ጋ ቆመው እጅጌውን ወደ ውስጥ አጠፉ፣ አንድ ልጅ ሲያለብሱ እጁን እንደሚያስገቡት ዓይነት፣ ተገልብጦ። ከዚያ ክርኑ ላይ ቀዳዳ አገኙ። ጣታቸውን በቀዳዳው አሾልከው አዩዋት። መርፌ የሚፈልጉ ይመስል ዙሪያቸውን ቃኙ። ከዚያ ተዉት። ለማን ብለው ነው የሚሰፉት?

አምስት ጫማ። አራት ተኩል።

የዊልፍ ታናሽ ወንድም ኧርኒ በአርባ ሁለት በሰሜኑ ባሕር መርከቡ ተመትቶ ነው የቀረው። እናታቸው የሚያጥፉት ሹራብ እንኳ አልደረሳቸውም። አንድ ወረቀት ነው የመጣው፣ እሱንም ፖስተኛው በሩ ሥር አሾልኮ ሄደ፣ ማንኳኳት ፈርቶ። ዊልፍ ይሄን ለማንም አውርቶ አያውቅም። ለአለቃ ብቻ፣ አንድ ቀን፣ ጀልባ ላይ።

ሦስት ጫማ። ሁለት ተኩል። መሳቢያው ተከፈተ። ሹራቡ ገባ። ወይዘሮ ማደርን መሳቢያውን ሊዘጉት ገፉት፣ ከዚያ ትንሽ መለስ አድርገው ከፈቱት፣ አንድ ጣት የምታህል፣ አየር እንዲገባው። እዚያው ቆሙ።

አለቃ ቀረጻውን አላስቆሙም።

ይሄ የሳቸው ልማድ ነው። ጥሩ ነገር ሲመጣ «ቁረጥ» አይሉም። ካሜራው ይሩጥ፣ ተዋናዩ በራሱ ጊዜ ይመለስ ይላሉ። ሌሎች ዳይሬክተሮች ይስቁባቸዋል፣ ፊልም አባካኝ እያሉ። ያን ቀንም ተዉት። ወይዘሮ ማደርን መሳቢያው ላይ እጃቸውን ጥለው ቆሙ፣ ካሜራው ሮጠ፣ ሮጠ፣ እስከ መጨረሻው። የፊልሙ ጫፍ ከካሜራው ሣጥን ውስጥ ጠፍ ጠፍ ጠፍ ብሎ አለቀ።

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ ከላይ ከመብራቶቹ አጠገብ ካሉት ሰዎች አንዱ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ካርታ ሲጫወት እንጂ ትወና ሲያይ ያልታየ ሰው፣ ማጨብጨብ ጀመረ። ሁሉም ተከተለ። የልብስ ሠራተኛዋ ፊቷን በጓንቷ ሸፈነች። ፐርስ ከካሜራው ዞሮ የዊልፍን ትከሻ ጨበጠው፣ ሁለቱም እርስ በርስ ላለመተያየት ወለሉን አዩ።

«መስኮት?» ብሎ ጮኸ ፕሪዲ።

ከሌንሱ ኋላ ፊልሙ የሚያልፍባት ትንሽ መስኮት አለች፣ የፖስታ ቴምብር የምታህል። ፊልሙ ሲሮጥ ከጠርዙ ስስ ነገር ይፋቅና እዚያ ይሰነቀራል። ሠራተኛው «ፀጉር» ይለዋል። እዚህ ዓይን የማትሞላ ናት፣ ሲኒማ ቤት ሸራ ላይ ግን እንደ ወፍራም ገመድ ትወዛወዛለች። ለዚህ ነው ከጥሩ ቀረጻ በኋላ መስኮቷ ሳትታይ ማንም ንቅንቅ የማይለው። የካሜራው ሰው ሌንሱን አውጥቶ፣ ባትሪ አብርቶ፣ አይቶ «ንጹህ» ሲል ብቻ ነው ነገሩ የሚያልቀው።

ዊልፍ ሌንሱን አወጣ። ባትሪውን አበራ። አጎንብሶ አየ። ያየው ብርሃን ነው፣ የተሰባበረ፣ የሚዋኝ ብርሃን። ዓይኑ ውሃ ሞልቶ ነበር። በእጅጌው ጠረገውና እንደገና ሊያይ ሲል፣

«መስኮት ብያለሁ! ዊልፍ!»

«ንጹህ ነው!» አለ ዊልፍ።

አፉ ነው ያለው። አሥራ አምስት ዓመት ያን ጥያቄ በሰማ ቁጥር ያንን ሲመልስ የኖረ አፍ።

«አበቃ!» አለ ፕሪዲ። «አፍርሱት!»

አናጺዎቹ በሩ ላይ ሲጠብቁ ነበር። ወዲያው ገቡ። መዶሻ ወረደ። በጎን በኩል ያለው፣ በቀረጻው የማይታየው ግድግዳ በአንድ ጊዜ ተንዶ አቧራው እስከ መብራቶቹ ወጣ። ወይዘሮ ማደርንን ዶክተሩ በአንድ በኩል፣ አለቃ በሌላ በኩል ደግፈው አወጧቸው። አለቃ በካሜራው በኩል ሲያልፉ ምንም አላሉም፣ የዊልፍን ጉንጭ በመዳፋቸው መታ አደረጉት። ፊታቸው ላይ ያኔ ጀልባው ላይ የነበረው ሰውዬ ለአንድ አፍታ ብቅ አለ።

ዊልፍ ካሜራውን ወደ ጥግ ወሰደና ማጽዳት ጀመረ። አሁን ዓይኑ ደርቋል። ባትሪውን አበራ።

በመስኮቷ በግራ በኩል፣ ከጠርዙ ወደ መሃል የወጣች፣ የተጠቀለለች፣ ጥቁር።

ባትሪውን አጥፍቶ እንደገና አበራው። አለች።

«ፐርስ» አለ። «ና እስቲ።»

ፐርስ ፒፓውን በአፉ እንደያዘ አጎነበሰ። ቀና ሲል ፒፓዋ በእጁ ነበረች።

«አላየሃትም?»

«አላየሁም።»

«ንጹህ ብለሃል እኮ!»

«ያልኩትን አውቃለሁ ፐርስ!»

ሁለቱም ዞር ብለው አዩ፣ የሰማ ሰው አልነበረም፣ መዶሻው ሁሉንም ይውጠዋል።

«ቆይ፣ ቆይ» አለ ፐርስ። «መጨረሻ ላይ የመጣች ልትሆን ትችላለች። ፊልሙ ሲያልቅ ጫፉ ተቀድዶ። ከሆነ ቀረጻው ሰላም ነው።»

«ከመጀመሪያውስ የነበረች ከሆነ?»

«ከመጀመሪያው ከነበረች…» ፐርስ አልጨረሰውም። ሴትዮዋ ከመሳቢያው አጠገብ ሲቆሙ በየት በኩል እንደነበሩ ያውቃል። በሌንሱ ሲያይ የነበረው እሱ ነው። በግራ። ያቺ ነገር በፊታቸው ላይ ነው የምትወዛወዘው።

«መቼ ይታወቃል?» አለ ዊልፍ፣ መልሱን እያወቀ።

«ነገ ጠዋት፣ ላቦራቶሪው አጥቦ ሲልከው። ነገ ጠዋት ደግሞ እዚህ ሳሙና ነው ያለው።»

ዊልፍ ትንሿን መቆንጠጫ አወጣና ያቺን ነገር ይዞ ሳበ። መዳፉ ላይ አስቀመጣት። ቢተነፍስባት ትበራለች።

«ስማኝ» አለ ፐርስ፣ ጠጋ ብሎ። «አንተ ምንም አላየህም። እኔም አላየሁም። ነገ ከታየች ላቦራቶሪው ነው እንላለን። ስንቴ አላበላሹብንም? ይቆጣሉ፣ ይሳደባሉ፣ ያልፋል።»

«ከሥራ የሚባረረውስ ልጅ? እዚያ ፊልም አጠባው ላይ የሚቆመው?»

«ማን እንደሆነ ታውቀዋለህ?»

«አላውቀውም።»

«እኔም አላውቀውም። አሮጊቷን ግን አውቃታለሁ። ከንፈሯን አይተሃል? አሁን ሄደህ ለአለቃ ብትነግረው ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?»

ዊልፍ መልሱ አልጠፋበትም። ሌላ ዳይሬክተር ቢሆን ራሱን ይይዝ ይሆናል። አለቃ ግን ለአንድ ማዕበል ብለው አንድ ጊዜ አሥራ አንድ ሰው ጀልባ ላይ ሦስት ሰዓት ያቆዩ ናቸው። ወንዶቹ ደማቸው ረግቶ ነበር። እሳቸው ግን «አንዴ፣ አንዴ ብቻ» እያሉ። ክፉ ሰው ስለሆኑ አይደለም። ያቺ ነገር ፊታቸው ላይ ስትቆም ሌላው ሁሉ ስለሚጠፋባቸው ነው። ወይዘሮ ማደርንም እምቢ አይሉም። ስልሳ ዓመት መድረክ ላይ የኖረች ሴት «አልችልም» የምትል ቃል አፏ ላይ የለችም።

«ደግሞ» አለ ፐርስ፣ «አንተስ? ሳታይ ንጹህ ብለሃል። ሳሙናው ይሄን ከሰማ እኮ ካሜራ አጠገብ አትደርስም። እንኳን እዚህ፣ የሠርግ ፎቶ የሚያነሳ አይቀጥርህም።»

«እሱን ተወው።»

«እንዴት ነው የምተወው? ሦስት ልጅ አለህ!»

በዚህ መሃል መዶሻው ቀጥ አለ።

በአንድ ጊዜ፣ ሁሉም። አንድ አናጺ የወጥ ቤቱ መስኮት ያለበትን ግድግዳ ሊመታ አንስቶ የነበረውን መዶሻ አውርዶ ወለሉ ላይ አኖረው። አሥር ሰዓት ተኩል ነዋ! የሻይ ጋሪዋ በሩን ገፍታ ገባች። እዚህ አገር ቤት እየተቃጠለ ቢሆን እንኳ ሻይ ሲመጣ እሳቱ ይጠብቃል። የሠራተኛ ማኅበራቸው ነው ያስፈረመው፣ አሥር ደቂቃ። በነዚያ አሥር ደቂቃዎች ፕሪዲም ቢሆን፣ ሳሙናውም ቢሆን፣ ማንም «መዶሻ አንሳ» ማለት አይችልም። አናጺዎቹ እነዚያ ማክሰኞ የሠሯቸው ወንበሮች ላይ፣ የሰጠመው ልጅ ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ ሻያቸውን መንፋት ጀመሩ።

ዊልፍ አየ። የፈረሰው የጎኑ ግድግዳ ብቻ ነው። መሳቢያው ቆሟል። ጠረጴዛው አለ። የማድረቂያው ገመድ አለ። የመስኮቱ ግድግዳ ሳይነካ ቆሟል። በቀረጻው ከሚታየው አንዲት ነገር አልጎደለችም። ፊልም ተጭኖ፣ መብራት በርቶ፣ ሴትዮዋ ቢመለሱ ይቻላል። አሥር ደቂቃ ይቻላል። በአሥራ አንደኛው አይቻልም።

«ዊልፍ» አለ ፐርስ። «ቁጭ በል። ሻይ ጠጣ።»

ዊልፍ መዳፉን ጨብጦ ሮጠ።

ውጪ ጉሙ ወርዷል፣ የከሰል ጭስ ይሸታል። የሚወስዳቸው ጥቁር መኪና ከስቱዲዮው በር ላይ ቆሟል፣ ዘበኛው የበሩን አግዳሚ እንጨት ወደ ላይ እያነሳው ነው። ዊልፍ ጠጠሩ ላይ እየተንሸራተተ ደርሶ የመኪናውን ጣሪያ በእጁ መታው። ሾፌሩ «ምን ነካህ!» አለ። የኋላው መስታወት ወረደ።

አለቃ ናቸው። አጠገባቸው ወይዘሮ ማደርን ብርድ ልብስ ለብሰው፣ ባርኔጣቸው ጠመም ብሎ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለዋል። ዶክተሩ ከፊት። አለቃ አንድ እጃቸው በአሮጊቷ እጅ ውስጥ ነው።

«አንተ! ልትሰናበተን ነው የሮጥከው?» አሉ አለቃ። እየሳቁ ነበር። ዊልፍ እንዲህ ሲስቁ ካያቸው ስንት ዓመቱ ነው! «እያት ቲርዛን። አሁን ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ? ያቺ ቀዳዳ ክርኑ ላይ፣ አስባበት አይደለም። እውነት ቀዳዳ ነበር! የልብስ ክፍል ሳያይ ያመለጠ!»

«ጎበዝ ሠራተኞች ቢሆኑ ኖሮ ሰፍተውት ያበላሹብኝ ነበር» አሉ ወይዘሮ ማደርን፣ ዓይናቸውን ሳይከፍቱ። ድምፃቸው ከሩቅ ነው የሚመጣው።

«ማታ ለእኔ አንድ ብርጭቆ ጠጣልኝ፣ ለፐርስም ንገረው» አሉ አለቃ። «ይቺን ቀረጻ ስምንት ዓመት ጠብቄያታለሁ ዊልፍ። ስምንት ዓመት። ከእንግዲህ ‘ሐዘኗን ችላ ኖረች’ የሚል ሰው የለም።»

ዊልፍ የጨበጠውን እጁን ወደ መስታወቱ አስጠጋ። ትንፋሹ በጉሙ ውስጥ ነጭ ሆኖ ታየ።

ወይዘሮ ማደርን ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ፊቱን አዩት፣ ከዚያ የጨበጠውን እጁን። ስልሳ ዓመት የሰው ፊት ሲያነቡ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «መሳቢያው አሁንም ቆሟል?»

«ቆሟል እሜቴ» አለ ዊልፍ።

«ቲርዛ፣ ዕረፊ» አሉ አለቃ። ግን ሳቃቸው ከፊታቸው ላይ መውረድ ጀምሯል። አሮጊቷን አዩ፣ ዊልፍን አዩ። ዶክተሩ ከፊት ዞሮ «እባካችሁ፣ እንሂድ፣ ይሄ ቀልድ አይደለም» አለ። ሾፌሩ ማርሹን አስገባ። ከአዳራሹ በኩል፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የሻይ ጋሪዋ ኩባያ እየሰበሰበች ስትመለስ ይሰማል።

«ምንድነው ዊልፍ?» አሉ አለቃ። «ንገረኝ።»

እንግዲህ አስበው። በመዳፍህ ፀጉር የማታክል ነገር ይዘሃል፣ ቀረጻውን ታበላሸው ወይም አታበላሸው አታውቅም። ብትናገር ይቺ ሴት ከመኪናው ትወርዳለች፣ ወርዳም ላትመለስ ትችላለች። ዝም ብትል ይሄ ሰውዬ የቀረችለትን አንድ ነገር ነገ ጠዋት ሸራ ላይ ሲያጣት ታያለህ፣ ልታድንለት ትችል እንደነበርም ታውቃለህ። ሁለቱም እያዩህ ነው። መኪናው ሊነሳ ነው። አንተ ብትሆን ምን ትላቸው ነበር?